እናቴ ለምን በየቀኑ ትገዛ ነበር

እኔ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚገዛው። ባለቤቴ መኪናውን ያቆማል፣ እኔ ጋሪውን እገፋለሁ፣ የሳምንቱን አትክልት፣ ወተትና ሥጋ ጭነን እንመለሳለን። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ቤታችን ውስጥ ስለ ሽንኩርት የሚያነሳ ሰው የለም። ጊዜ ይቆጥባል፣ ድካም ይቀንሳል፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጠዋት ሻዬን ይዤ ፍሪጁን ስከፍትና ሁሉም ነገር ጢም ብሎ ሞልቶ ሳየው ሆዴ ይባባል። እናቴ ትናፍቀኛለች።

እናቴ የዕለት የዕለቱን ነበር የምትገዛው። ሽንኩርት ለዛሬ፣ ቲማቲም ለዛሬ፣ ድንች ለዛሬ። ዘይት እንኳን በትንሽ ጠርሙስ እያስቀዳች ታመጣ ነበር። ሰፈሩ ስም አውጥቶላት “የዛሬዋ” ይሏታል። እሷም ስሙን ወዳው ነበር መሰለኝ፣ ሲጠሯት ፈገግ ብላ ነው “አቤት” የምትለው።

በእኛ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት የራሱ የገበያ ልማድ ነበረው። ጥግ ላይ ያለው መምህር ደመወዝ የተቀበለ ሰሞን ከቤቱ የሥጋ ሽታ ይወጣል፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የጎመን ሽታ። ቀን መቁጠሪያ የሌለው ሰው በእሱ ወጥ ቤት በኩል ቢያልፍ ይበቃዋል። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤታችን ደግሞ ሁሉን ነገር በኩንታል ነበር የምታስገባው። ዱቄት በኩንታል፣ ምስር በኩንታል፣ ሽንኩርት በኩንታል። እሷንም “ባለ ኩንታሏ” እንላታለን። ልጅ ሆና ርሃብ አይታለች፣ እና ጓዳዋ ካልሞላ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። እናቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትወጣ ባየቻት ቁጥር መስኮቷን ከፍታ ትጮህባታለች።

“አንቺ! እናንተ ቤት ነገ የሚባል ቀን የለም እንዴ?”

“ነገ ሲመጣ ገበያውም አብሮት ይመጣል!” ትላታለች እናቴ ሳትቆም።

ሰው ሁሉ የእናቴን ነገር በየራሱ ይፈታው ነበር። ባለ ኩንታሏ እጅ ስላጠራት ነው ትላለች። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ እግሯ ቤት አይቀመጥም ብላ ታማታለች። እኔና ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ወሬ ፍለጋ ነው ብለን ደምድመን ነበር፣ ምክንያቱም ከገበያ ስትመለስ ከዘንቢሉ ይልቅ አፏ ነበር ሞልቶ የሚመጣው። ሁላችንም ተሳስተን ነበር። የሚገርመው፣ ነገሩ በየቀኑ ዓይናችን ሥር ነበር የሚካሄደው።

አባቴ አናጢ ነበር። ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ ይሠራል። የሥራ ክፍሉ ከወጥ ቤታችን ጋር በሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየው። እሱ እንጨት ሲልግ እኛ ሾርባችን ላይ ሰጋቱራ እናገኛለን፣ እኛ ስናወራ ደግሞ እሱ ሁሉን ይሰማል። ክፉ ሰው አልነበረም። እጁን በማንም ላይ አንስቶ አያውቅም፣ አምሽቶ አያውቅም፣ የቤቱን ነገር ለሌላ ሰው አያወራም። ግን አኩራፊ ነበር፣ ያውም የአኩራፊ አለቃ። አንድ ነገር ካስከፋው ይዘጋል። ለምን እንደተከፋ አይናገርም፣ ይቅርታ ቢጠየቅ አይመልስም፣ በቃ እንደተዘጋ ሱቅ ነው። ያኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል። የእሱ ግን ምሳው ሁለትና ሦስት ቀን ሊያድር ይችላል።

በአንድ ነገር ብቻ ዝም ማለት አይችልም ነበር፤ በአትክልት። ከየት እንዳመጣው አላውቅም። አባቱም አናጢ ናቸው፣ አያቱም አናጢ፤ ማንም ጎመን ተክሎ አያውቅም። እሱ ግን ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ካሮት፣ ስለ ድንች የማይነቃነቅ አቋም ነበረው። ሰው በእምነቱ ሲነኩት እንደሚቆጣው በቲማቲም ይቆጣ ነበር።

እና ጠዋት ጠዋት የሚሆነው ይህ ነው። አባቴ ሻዩን ቆሞ ይጠጣና ወደ ሥራው ይገባል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘንቢሏን ይዛ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ትቆማለች።

“ዛሬ ምን ላምጣ?”

“ያገኘሽውን” ይላል ሁልጊዜ፣ ቀና ሳይል። ያ ግን መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። መላጊያውን አንዴ ገፋ ያደርግና ይቀጥላል። “የትናንቱ ሽንኩርት ግን ውሃ ነበር። ከዚያችው ሴትዮ ነው የገዛሽው?”

“ከማን ልግዛ ታዲያ?”

“ከጥጓ ነዋ! እሷ ደረቅ ደረቁን ነው የምታመጣው።”

“ጥጓማ ምላሷ ነው ደረቅ።”

እንዲህ እየተባባሉ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ሥራው ይዘገያል፣ እናቴ ሄደች ስንል ከደጅ ተመልሳ ደግሞ ስለ ጎመን ትጠይቀዋለች። እኛ ልጆቹ የምንሰማው ጭቅጭቅ ነበር። ትምህርት ቤት ስንሄድ “ዛሬም በሽንኩርት ተጣሉ” እየተባባልን እንስቅ ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ወንድሜ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ጥሩ ኑሮ ኖረ። እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ታመመች። ወደ ገበያ የሚወስደውን ቁልቁለት ስትወርድ ግድግዳ እየደገፈች፣ ስትመለስ ዘንቢሉን እያሳረፈች ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ በኪራይ የጭነት መኪና ፍሪጅ ጭኖ መጣ። ነጭ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆመ። አባቴ አንዱን ጫፍ ይዞ አስገባ፣ እናቴ ወንድሜን እየሳመች “ያሳድግህ” አለችው፣ ባለ ኩንታሏ በደስታ አጨበጨበች።

“እሰይ! ይኸው አሁን ገና ቤት ሆነ!”

“ከእንግዲህ ይሄን ቁልቁለት አትወርጂም እማዬ” አለ ወንድሜ። “ባለቤቴ በመኪና እያመጣች ትሞላልሻለች። አንቺ በር ከፍተሽ ማውጣት ብቻ ነው።”

የወንድሜ ሚስት ደግሞ ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። ገና ሳይጎድል ትሞላዋለች። ካሮቱ በላስቲክ፣ ሥጋው በዕቃ፣ ወተቱ በተርታ። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ለመውጣት ሞክራ ነበር። ምራቷ በር ላይ አገኘቻትና ቅር አላት።

“እማማ፣ እኔ ያመጣሁት አይበቃም እንዴ?”

እናቴን ይሉኝታ ያዛት። ዘንቢሉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ በዚያው ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ተነስታ ወጥ ቤት መሃል ትቆማለች፣ ፍሪጁን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከሳንቃው ወዲያ አባቴ ሲልግ ይሰማል። እኔ እናቴ ዕረፍት አገኘች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ዓመት እኔ በመምህርነት ተቀጠርኩ፣ ግን ሩቅ ከተማ ነበር የተመደብኩት። ለእናቴ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገችና “ሂጂ ልጄ፣ እንጀራሽ እዚያ ከሆነ ሂጂ” አለችኝ። ለአባቴ ቀስ ብለን እንነግረዋለን አልን። ወሬ ግን እግር አለው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የሳጥኑን ቁልፍ ሊያስጠግን አባቴ ዘንድ መጣና “ልጅህ ሥራ አገኘች አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ሩቅ ቢሆንም” አለው። አባቴ መጋዙን አስቀመጠ። ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ አውቆ፣ እሱ ከልብስ ሰፊ አፍ ሰማ። በዚያን ቀን ዘጋ።

እኔን እንኳን አልፎ አልፎ “በሩን ዝጊው” ይለኝ ነበር። እናቴን ግን ጭራሽ አላያትም። ምግብ ትሰጠዋለች፣ ይበላል። ሻይ ታቀርብለታለች፣ ይጠጣል። ሦስታችን በአንድ ማዕድ ተቀምጠን የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው፤ እዝዝዝ እያለ፣ እንደ ትልቅ ዝንብ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ቤት ግን ይነቅዛል፣ እኔ አይቼዋለሁ። እናቴ ያንን የወሬ ጎተራ የሆነ አፏን ዘግታ፣ ጥግ ጥጉን ትሄድ ጀመር።

የምሄድበት ቀን እየቀረበ መጣ። እኔ ደግሞ ነገር ቶሎ የሚያበሽቀኝ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ድንች እየላጥን ፈነዳሁ።

“እማዬ፣ ምናለ ሄደሽ ብታናግሪው?”

“ምን ብዬ?”

“ማንኛውንም ነገር ብለሽ!”

“ማንኛውም ነገር ይመለሳል እንዴ?” አለች ድንቹን እያገላበጠች። “አባትሽን እኔ ነኝ የማውቀው። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነው እንዲህ የሆነብኝ። ምን እንዳስቀየምኩት እንኳን አሁን አላስታውሰውም። ሰላም ስለው ዝም፣ ይቅርታ ስለው ዝም፣ ሳለቅስም ዝም። እናቴ ቤት ልመለስ ጓዜን አሰርኩ። ከዚያ ሊሄድ ያለ ሰው ቢሆንም ምሳ ይሠራል አይደል፣ በሩ ላይ ቆሜ ‘ድንች ልገዛ ነው፣ ትልልቁን’ አልኩት። ዝም ብዬ ነው ያልኩት፣ ምንም አስቤ አይደለም። ብድግ ብሎ ‘ትልልቁ ድንች መሃሉ ባዶ ነው!’ ብሎ ጮኸብኝ።”

ሳቀች። ብዙ ቀን ሳልሰማው የቆየሁት ሳቅ ነበር።

“እኔ ደግሞ ‘ባዶ አይደለም’ አልኩት። እሱም ‘ነው’ አለኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ስንከራከር ዋልን። ማታ ጓዜን ፈታሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው የምገዛው፣ ልጄ። በየቀኑ ካልተገዛ በየቀኑ አይጠየቅም። ሲያኮርፍ መጀመሪያ ቀን አይመልስልኝም፤ በማግስቱ የማይወደውን ነገር እጠራለታለሁ። ከሦስተኛው ቀን አልፎ አያውቅም። ሰው ድሃ ናት ይለኛል፣ ዟሪ ናት ይለኛል፣ ይበለኝ። እኔ ባሌን ነበር የምገዛው።”

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። ያ ሁሉ የጠዋት ጭቅጭቅ፣ ልጆች ሆነን የሳቅንበት፣ ለካ እናቴ በሩን በየቀኑ እያንኳኳች ነበር። አሁን ደግሞ የምታንኳኳበት ነገር የላትም። ጭቅጭቁን የጨረስነው በፍቅር ነው፣ በመኪና ጭነን በጭብጨባ ባስገባነው ዕቃ።

“እንግዲያው ያለውን ሁሉ ለጎረቤት እንስጠውና ሂጂ ጠይቂው” አልኳት።

“ምራቴ ለፍታ ያመጣችውን? ከዚያስ፣ ሞልቶ ሳለ ጎደለ ብዬ ልዋሽ? ሰላሳ ዓመት ስጠይቀው አንድ ቀን እንኳን ውሸት ጠይቄው አላውቅም። በእውነት የሚገዛ ነገር ስላለ ነው የምጠይቀው። እሱም ስለሚያውቅ ነው የሚመልሰው።”

“እንዲህ ሆናችሁ ትቻችሁ አልሄድም በቃ!” አልኩ፣ ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ። “ሥራውም ይቅርብኝ። አንቺን ከዚህ ዝምታ ጋር ዘግቼብሽ የት ነው የምሄደው?”

“እኔን ምክንያት አድርገሽ ብትቀሪ፣ እኔም አኮርፍሻለሁ!” አለች እናቴ፣ እሷም ጮክ ብላ። “ያን ጊዜ ታያለሽ፣ ከማን እንደተማርኩ!”

ከሳንቃው ወዲያ የመላጊያው ድምፅ ቀጥ አለ። ሁለታችንም ተያየን። ለካ እስካሁን ሲልግ ነበር፣ ሁሉንም ሰምቶታል። ትንሽ ቆይቶ መላጊያው እንደገና ጀመረ፣ ግን ዘገም ብሎ፣ እንደሚያስብ ሰው።

በማግስቱ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የእናቴ ጥሪ ነው። ወጥ ቤት ስገባ ወለሉ ላይ ውሃ ነበር። ፍሪጁ ዝም ብሏል። በሩን ስትከፍተው መብራቱ አይበራም፣ ሥጋው ለስልሷል፣ ቅቤው ፈሷል። መብራት ጠፍቶ ነው ብዬ የጣሪያውን አምፖል ሞከርኩ፤ በራ። ወደ ግድግዳው ጎንበስ አልኩ። ሶኬቱ በቦታው ተሰክቷል። ነቅዬ ገመዱን ሳብ ሳደርገው ግን ላላ፤ ሽቦዎቹ ከውስጥ ተፈትተዋል፣ ከዚያ ክዳኑ በሥርዓት ተመልሶ ታስሯል። የብሎኑ ራስ ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት ነበር። ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ሰጋቱራ።

ለእናቴ አሳየኋት። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ አየችው። አውራ ጣቷን ክዳኑ ላይ ደባበሰች፣ እኔን አየችኝ፣ ወደ ሳንቃው ግድግዳ አየች። ከዚያ ከንፈሯን አሹላ እፍ አለችበት፣ ሰጋቱራው በነነ። ሶኬቱን መልሳ ግድግዳው ላይ ሰካችው።

“ተበላሽቷል” አለች።

ያ ፍሪጅ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ወንድሜ ሠራተኛ ላምጣ ሲል አባቴ “የማይሆን ዕቃ ነው፣ ተወው” ይለዋል፣ እናቴም “አዎ፣ ተወው” ትላለች፤ በሁለት አፍ ሲነገረው ወንድሜ ምን ያድርግ። ኋላ አባቴ ውስጡን መደርደሪያ ሠራለትና እናቴ አንሶላ ታስቀምጥበት ጀመር። በዚያ ጠዋት ግን ገና ምንም አልታወቀም። ሁለታችን ጨርቅ ይዘን ወለሉን ስናደርቅ የአባቴ ጫማ በሩ ላይ መጣና ቆመ። ቀና አልኩ። አባቴ ዘንቢሉን ይዟል። እጁ መዶሻና መጋዝ እንጂ ዘንቢል ለምዶ አያውቅም፣ የሰው ሕፃን እቀፍ እንደተባለ ወንድ ከሰውነቱ አርቆ ነው የያዘው።

“ይሄ ነገር ሞተ መሰለኝ” አለ፣ ፍሪጁን በአገጩ እያመለከተ። ድምፁ ብዙ ቀን ስላልሠራ ሻክሮ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን ከእናቴ ጀርባ ላይ አላነሳም።

“ልጅቷ መንገደኛ ናት” አለ። “ለመንገዷ ምን ይገዛ?”

እናቴ አልዞረችም። ጨርቁን ባልዲው ላይ ቀስ ብላ ጨመቀችው፣ ከሚጨመቀው በላይ ጨመቀችው። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

“እስቲ ላስብበት” አለችና በአጠገቡ አልፋ መኝታ ክፍል ገባች። በሩንም ዘጋችው።

አባቴ ዘንቢሉን እንደያዘ ቀረ። እኔም ጨርቄን እንደያዝኩ ቀረሁ።

“መቼ ነው የምትሄጂው?” አለኝ ወለሉን እያየ።

“ሰኞ፣ አባዬ።”

“እዚያ ይበርዳል ይላሉ። ካልሲ ደራርበሽ ያዢ።”

ይህን ብሎኝ ወጣና ደጅ በር ላይ ቆመ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፣ ሳቂ ሳቂም አለኝ። ደቂቃው ሄደ፣ እናቴ አልወጣችም። ባለ ኩንታሏ መስኮቷን ከፍታ አባቴን ከነዘንቢሉ አየችው፣ አፏን ልትከፍት ብላ ፊቱን አይታ መስኮቷን መልሳ ዘጋች። እናቴ አሁንም አልወጣችም። ሰውየው ሀሳቡን ሊቀይር ነው፣ ሊያኮርፍ ነው ብዬ ፈራሁና መኝታ ክፍሉን ከፍቼ ገባሁ።

እናቴ ለወንድሜ ሠርግ የለበሰችውን ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯን አበጥራለች። ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ምንም ሳትሠራ ቁጭ ብላለች። እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ ግን አትጠርገውም።

“እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ሰውየው ደጅ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው እኮ!”

“አውቃለሁ” አለች። “ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ ቆሜ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬ እሱ ጠየቀኝ። ትንሽ ላጣጥመው፣ ተዪኝ።”

በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።